ጉልቤው የቆመበት ቀን

ሰው ሲደበደብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በስምንት ዓመቴ ነው። ያስደበደብኩትም እኔው ነኝ። ይህን ሁለተኛውን ለማወቅ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።

አባቴ የችግኝ ጣቢያ ነበረው። ቤታችን እዚያው ግቢ ውስጥ ስለነበር ያደግኩት በችግኝ መደቦች መካከል፣ አፈር እየዛቅኩና የውኃ ጎማ እየጎተትኩ ነው። ከመደቦቹ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው መሬት ላይ፣ ስንት ዓመት እንደኖሩ ማንም የማያውቅ ትልልቅ የዝግባ ዛፎች ነበሩ። በነዚያ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይዘራቸው የበቀሉ የዝግባ ችግኞች ሞልተው ነበር፤ ትንሹ ጉልበቴ ድረስ፣ ትልቁ ከአባቴ ትከሻ በላይ።

በዚያ ዓመት በዚያ መሬት መንገድ ሊያልፍበት ሆነ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዶዘር ገብቶ ትልቁንም ትንሹንም ይደፈጥጠዋል ተባለ። ትልልቆቹን ማዳን የሚታሰብ አይደለም፤ አባቴ ግን ችግኞቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ለማዛወር ቆርጦ ተነሣ። ስምንት መቶ ይሆናሉ። መጀመሪያ በዶማ ተሞከረ። የችግኞቹ ሥር ከትልልቆቹ ሥር ጋር ተጠላልፎ ስለነበር ዶማው አንዱን ሲፈልግ ሌላውን ይበጥሳል፤ አፈሩ ይራገፋል፣ ችግኙ ራቁቱን ይወጣል፣ በሁለተኛው ቀን ይደርቃል። ከመጀመሪያዎቹ አርባ ችግኞች የተረፉት ስድስት ናቸው። ያኔ ነው አባቴ ማሽኑን ያመጣው።

በቤንዚን የሚሠራ መቆፈሪያ ነው። ከላይ የጀሪካን ያህል ሞተር፣ ግራና ቀኝ ሁለት እጀታ፣ ከታች ደግሞ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ግን እንደ አካፋ የሰፋ ስለት አለው። ገመዱን ስበው ሲያስነሡት ስለቱ ወደ ላይ ወደ ታች ይመታል፤ ፍጥነቱን ዓይን አይከተለውም። ችግኙን ዙሪያውን አራት አምስት ቦታ ወግቶ ያገኘውን ሥር ሁሉ ይቆርጣል። ከዚያ ችግኙ አፈሩን እንዳቀፈ ይወጣል፤ ሴቶቹ በጆንያ ይጠቀልሉታል፣ በሲባጎ ያስሩታል። ቀጭን ሥር ሲያገኝ ቀጭ ያደርገውና ያልፋል። ወፍራም ሲያገኝ ግን ይዘላል፤ የያዘው ሰው ከጥርሱ እስከ ተረከዙ ይንቀጠቀጣል።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰው አሸነፈ። የአንዱን ከንፈር በእጀታው ሰነጠቀ፣ የአንዱን የእጅ አንጓ አዞረ፣ ሦስተኛውን አንሥቶ ችግኞቹ ላይ ወረወረው። የተቃጠለ ዘይት ጭስና የተቆረጠ ሥር ሽታ ግቢውን ሞላው። ሠራተኞቹ ማሽኑን "ጉልቤው" አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ጉልቤውን የገራው ሳቂታው ነው። ያኔ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቢሰድቡትም ይስቃል፣ ቢያመሰግኑትም ይስቃል፣ ጣቱ ላይ ዶማ ቢወርድበትም መጀመሪያ ስቆ ነው የሚጮኸው። እኔን ትከሻው ላይ አስቀምጦ በመደቦቹ መካከል ይሮጣል። ሳድግ እሱን እንደማገባ ለእናቴ ነግሬያት፣ "እሱንስ ጠይቀሽዋል?" ብላኛለች። ታላቅ ወንድሙም እዚያው ይሠራል፤ ሁሉም ሰው ታላቅየው ነው የሚለው። አንገት የለውም፣ ወሬም የለውም። እናትና አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ሳቂታውን ያሳደገው እሱ ነው። ምሳ ሲበሉ ከራሱ ቀንሶ ወደ ወንድሙ ይገፋና ምንም እንዳላደረገ ሰው ወደ ሌላ ያያል።

የምፈራው ካቦውን ነበር። ሠራተኞቹን የሚያዘው እሱ ነው፤ ደረቅ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ጥርሱን አይቼ የማላውቅ ሰውዬ። ሁልጊዜ መጥረቢያ ይይዛል፤ ለጉልቤው የሚከብዱትን ወፋፍራም ሥሮች ቀድሞ የሚቆርጠው እሱ ነበር። እኔን ባየ ቁጥር "ይቺን ልጅ ከዚህ ውሰዱልኝ!" ይላል። አንድ ቀን እየዘፈንኩ የኋሊት ስሄድ ከየት መጣ ሳልለው ክንዴን ጨምድዶ ጆንያ ክምር ላይ ወረወረኝ። ክርኔ ተላጠ። እያለቀስኩ ለአባቴ ነገርኩ። አባቴም ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "ሁለተኛ ልጄን ብትነካ እጅህን ነው የምቆርጠው!" አለው። ካቦው መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ ሥሮቹ ተመለሰ። ከጀርባዬ ምን እንደነበር ያኔ አላየሁም። ዛሬ ቦታውን በሐሳቤ ስለካው ከጉልቤው ስለት የቀረኝ ሦስት እርምጃ ነው።

አባቴ እጁ ፈጣን ነበር። ችግኝ የጣለን ሠራተኛ በጥፊ ሲያላጋ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያኔ ጀግንነት ይመስለኝ ስለነበር ኩራት ይሰማኝ ነበር። እናቴ ግን የጥፊው ድምፅ ሲሰማት ልብስ ማሸቷን አቁማ ትንሽ ትቆይና እንደገና ትጀምራለች።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጉልቤው ያስቸግር ጀመር። ቀኝ እጀታው ላይ የምትጨበጥ ማንሻ አለች። እሷን ሲጨብጡ ይሠራል፣ ሲለቁ ይቆማል። ሳቂታው ከአንዱ ችግኝ ወደ ሌላው ሲሻገር እጁን ለቀቅ ካደረገ ሞተሩ ይጠፋና ለማስነሣት ገመዱን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ መሳብ ነው። ቀኑ እያለቀ ሄደ። ዶዘሩ ከማዶ ድምፁ ይሰማል። አባቴ አንዴ ጉልቤውን በእርግጫ መታው፤ አንዴ ደግሞ ሳቂታውን ጀርባውን በገመድ ገረፈው። ሳቂታው ሳቀ። ታላቅየው አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ አባቴን ረጅም ጊዜ አየው።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ አባቴ ከመሣሪያ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ሽቦና ፒንሳ ይዞ ያቺን ማንሻ ከእጀታው ጋር ጥምጥም አድርጎ ሲያስር ደረስኩ።

"አባዬ፣ ምን ሆኖ ነው?"

"እጁ ደክሞት ነው፤ በፋሻ እያሰርኩለት ነው።"

አሳዘነኝ። ጎንበስ ብዬ ሽቦውን እፍ እፍ አልኩለት። አባቴ ሳቀና ግንባሬን ሳመኝ።

ሐሙስ ጠዋት ካቦው ሽቦውን አየ። እኔ ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ነበርኩ።

"አለቃ፣ ይሄን ነገር ፍታው" አለ።

"ለምን ተብሎ?"

"እጅ ሲለቀው መቆም አለበት። ሰው ይበላል ይሄ።"

"አንተ ስለ ሞተር ምን አውቀህ ነው? መጥረቢያህን ይዘህ ወደ ሥራህ!"

"አለቃ፣ እኔ ለራሴ ብዬ..."

"ሂድ አልኩህ!"

አባቴ ወደ ቤት ሲገባ ካቦው ወደ ሳቂታው ዞረ። ጣቱን ደረቱ ላይ ቀስሮ፣ "ስማ! ሽቦው ሳይፈታ እጅህ እዚያ ነገር ላይ ካየሁት እግርህን ነው የምሰብርልህ!" አለው።

"ካቦ ደግሞ! እግሬን ከሰበርከው ማን ይላላክልሃል?" ብሎ ሳቂታው ገመዱን ሳበ። ጉልቤው ወዲያው ተነሣ።

እኔ የያዝኩት "እግርህን ነው የምሰብርልህ" የሚለውን ብቻ ነው።

ረፋዱ ላይ ከአንድ ግንድ ጀርባ ተደብቄ ሳቂታውን አየው ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኛል። በእኔና በእሱ መካከል ገና ያልተነቀሉ ችግኞች ጥቅጥቅ ብለው ቆመዋል፤ ከወገቡ በታች አይታየኝም። ካቦው ከፊት ለፊቱ ጉድጓድ ውስጥ ሥር ይፈልጣል። ታላቅየው ታች ወንዙ ዳር ጋሪ ይጭናል።

የጉልቤው ድምፅ ድንገት ተለወጠ። ከማጓራት ወደ መጮህ ሄደ። ሳቂታው ወደ ላይ ተነሣ፣ እጆቹ ተፈናጠሩ፣ በጀርባው ወደቀ። ከዚያ ሰምቼበት የማላውቀውን ድምፅ አወጣ። ጉልቤው ግን መጮሁን አላቆመም። ችግኞቹ ጫፋቸው ድረስ ተንቀጠቀጡ፤ ቅጠሎቹ ላይ ቀይ ነገር ተረጨ።

ካቦው ከጉድጓዱ ወጥቶ ሮጠ። መጥረቢያው ከጭንቅላቱ በላይ ሲነሣ አየሁ። ወረደ። ቋ! አለ። እንደገና ተነሣ፣ ወረደ። ቋ! በሦስተኛው ጊዜ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ካቦው ፊቱ በደም ተሸፍኖ ነበር። መጥረቢያውን ወርውሮ ቀበቶውን ከወገቡ መዝዞ አወጣና ሳቂታውን ማሰር ጀመረ።

እግሬ ወዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። እየሮጥኩ መደቦቹን ረገጥኩ፣ ወደቅኩ፣ ተነሣሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።

"ካቦው በመጥረቢያ እግሩን ቆረጠው! ሳቂታውን ገደለው! ካቦው ገደለው!"

መጀመሪያ የደረሰው አባቴ ነው። ተከትዬው ተመለስኩ። ጉልቤው በጎኑ ተጋድሟል፤ የሞተሩ አናት ተፈልጦ ቤንዚን ይንጠባጠባል። አባቴ ሳቂታውን አላየም፣ ካቦውንም አላየም። ቀጥታ ጉልቤው አጠገብ ተንበርክኮ ፒንሳውን አወጣና ሽቦውን ቀጭ ቀጭ አድርጎ ቆርጦ ኪሱ ከተተው። ጉልቤው ስለሞተ ፋሻውን የፈታለት መሰለኝ።

ከዚያ ሠራተኞቹ ደረሱ። በመጨረሻ ታላቅየው ከወንዙ ሽቅብ አካፋውን እንደያዘ መጣ። ሳቂታው ራሱን ስቶ ተዘርግቷል። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች እግር አይመስልም። ካቦው ቀበቶውን ጭኑ ላይ ጠምጥሞ በሁለት እጁ ወጥሮ ይዟል።

"ማን ነው?" አለ ታላቅየው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

"እሱ ነው!" አልኩ በጣቴ እያሳየሁ። "በመጥረቢያ መታው! ጠዋትም እግርህን እሰብራለሁ ብሎታል፣ ሰምቼዋለሁ!"

"ሽቦው..." አለ ካቦው ቀና ሳይል። "ሽቦውን እዩት... ማንሻዋ ላይ... አለቃ፣ ንገራቸው።"

ሁሉም ጉልቤውን አየ። ሽቦ የለም። ሁሉም አባቴን አየ።

"ጋሼ፣ እውነት ነው?" አለው ታላቅየው።

አባቴ እኔን አየኝ። ያንን አስተያየቱን ያኔ ፍቅር ብዬ ነው የያዝኩት።

"ልጄ ዋሽታ አታውቅም" አለ።

የመጀመሪያው ምት የአካፋው ጠፍጣፋ ነበር፤ ካቦውን በግራ በኩል ጭንቅላቱን አገኘው። ድምፁ እንደ በር መዘጋት ነበር። ካቦው ወደ ጎን ተንጋደደ እንጂ ቀበቶውን አለቀቀም። ሁለተኛው ጀርባው ላይ አረፈ። ሦስተኛው ፊቱ ላይ። እጁን አንሥቶ ራሱን አልከለከለም፤ ያንኑ ቀበቶ እንደጨበጠ ተደፋ። ሌሎቹም ገቡበት፤ በዶማ እጀታ፣ በጫማ፣ በቡጢ። አንዷ ጆንያ የምታስር ሴትዮ ሳትቀር በድንጋይ መታችው። "ልቀቀው! ልቀቀው አንተ አውሬ!" ይላሉ። አለቅም አለ። እኔ በልቤ፣ ገድሎትም እንኳ አልለቅም አለ፣ ምን ዓይነት ክፉ ነው እያልኩ ነበር። በኋላ ሐኪሙ ለእናቴ እንደነገራት፣ ያ ቀበቶ በዚያች ሰዓት ለአምስት ደቂቃ ቢላላ ኖሮ ሳቂታው አይተርፍም ነበር።

ከካቦው እጅ ቀበቶውን የተቀበለችው እናቴ ናት። የሳሙና አረፋ ክንዷ ላይ እንዳለ ሰዉን ገፍታ ገባች፣ ደሙ ላይ ተንበረከከች፣ ጫፉን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ "ይሄን የሚፈታ ሰው ልጁን ይገድለዋል!" ብላ ጮኸች። ካቦው አያት። ያኔ ለቀቀ። ከለቀቀ በኋላም እንደገና ወረዱበት፤ እግሩን ይዘው በዛፎቹ ሥር ላይ እየጎተቱ እስከ በሩ ወሰዱት። ጭንቅላቱ በየሥሩ ላይ ሲነጥር ቆጥሬያለሁ። አሥራ አራት ደርሼ ነው ያቆምኩት።

ሳቂታውን በአባቴ መኪና ሐኪም ቤት ወሰዱት። ካቦውን እናቴ ለምና ባለጋሪ አገኘችለት። በማግስቱ አባቴ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ "ሕግ ቦታ ብንሄድ ታላቅየውም ይታሰራል። ካቦውም የእጁን አግኝቷል። የሆነው ሆኗል፤ እዚሁ ይቅር" አለ። ሰዉ በደግነቱ ተደነቀ። ከችግኞቹ ሦስት መቶ ያህሉ ሳይነቀሉ ዶዘሩ ገባ።

ሳቂታው ግራ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ የሆነውን አንዳች አያስታውስም፤ የነገሩትን አመነ። ታላቅየው እኔን ባየ ቁጥር እጄን ይስማል። "ምስክሬ" ነው የሚለኝ። ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር ደብተር ይዞልኝ ይመጣል። "አንቺ ባታዪ ኖሮ ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ ይቀር ነበር" ይለኛል። እኔም ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ ስንቴ እንደተረክሁት! በተረክሁት ቁጥር የመጥረቢያው ምት ቁጥር ይጨምር ነበር።

አደግኩ። ከዛፍ አልራቅኩም፤ ችግኝ የሚያለማ ድርጅት ውስጥ ተቀጠርኩ። በሃያ ሰባት ዓመቴ ለሥራችን አዲስ ማሽን መጣ። ስለቱ፣ ሞተሩ፣ እጀታው፣ ሁሉም ጉልቤው። የሚያሠለጥነን ቴክኒሻን አስነሥቶ እጄ ላይ አስያዘኝና፣ "አሁን ልቀቂው" አለኝ።

ለቀቅኩት። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ።

"አየሽ? ብትወድቂ እንኳ እጅሽ ሲለቀው ራሱ ይቆማል። ካልቆመ ግን አጠገቡ እንዳትደርሺ፤ እግርሽን ይበላዋል።"

ማሽኑን መሬት አስቀመጥኩት። የሳቂታው እጆች ሲፈናጠሩ አይቻለሁ፤ ጉልቤው ግን ጮኋል። ለምን አልቆመም? ቋ ያለውስ ምን ነበር? አጥንት እንደዚያ አይልም። እንደዚያ የሚለው ብረት ነው። የተፈለጠው የሞተሩ አናት ታየኝ፤ ካቦው ሦስት ጊዜ መትቶ ያጠፋው ሞተሩን ነው። ከዚያ የሽቦው ነገር መጣብኝ። ጎንበስ ብዬ እፍ ያልኩለት ሽቦ።

ቴክኒሻኑ፣ "ፈራሽ እንዴ?" አለኝ። ማሽኑን እዚያው ትቼ ከአጥሩ ውጭ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ወደ ቤት ሄድኩ። ምሳ ላይ ነበርን።

"አባዬ፣ ያን ሽቦ የት አደረስከው?" አልኩት።

ምን ሽቦ አላለኝም። የያዘውን ብርጭቆ ወረወረው። ቅንድቤ ላይ ተሰበረ። ደሙ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ "ያሳደግኩሽ ለዚህ ነው? አባትሽን ልታስሪ ነው?" እያለ ወንበሩን ገልብጦ መጣ። እናቴ በመካከላችን ቆመች። ለእኔ የታሰበው ጥፊ እሷን አገኛት።

ክሊኒክ ወስዳኝ ቅንድቤ እስኪሰፋ ስንጠብቅ፣ ጉንጯ ላይ የጣቶቹ ምልክት እንዳለ፣ "ከሱሪው ኪስ ያወጣሁት እኔ ነኝ" አለች። "ላጥብ ስል። ሽንት ቤት ጣልኩት።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"መጀመሪያ አንቺን ብዬ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ በአፏ ሰው ልታስገድል ነበር ተብላ እንዴት ትደግ? በኋላ ግን..." ጣቶቿን ጉንጯ ላይ አደረገች። "በኋላ ፈርቼ ነው። ልዋሽሽ አልችልም።"

ካቦው የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ነበረች። በየዓመቱ ሰው እየላከች ታስጠይቅ ነበር።

የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ካቦው የዶማና የመጥረቢያ እጀታ እየጠረበ ይኖራል። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እንጨት ይልጋል። አርጅቷል። አንድ ዓይኑ ነጭ ሆኗል፣ አፍንጫው ተጣሟል። ስሜን ሳልናገር የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት። መላጊያውን አላቆመም።

"ያን ቀን የጮህኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "እርስዎ ያጠፉት ሞተሩን ነበር። አሁን ገብቶኛል። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"ልጅ ነበርሽ" አለ።

"አዎ፣ ግን..."

"ልጅ ነበርሽ አልኩሽ። አንቺን የያዝኩብሽ ነገር የለም።" የእንጨቱን ብናኝ ከጭኑ አራገፈ። "ግን ይሄን ለእኔ ምን ብለሽ ትነግሪኛለሽ? እኔ እዚያው ነበርኩ። ለእነሱ ንገሪያቸው።"

እንጨቱን ገልብጦ መላግ ቀጠለ።

ወንድማማቾቹ ከአባቴ ግቢ ብዙም የማይርቅ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ሳቂታው ሰው ሠራሽ እግር አለው፤ አሁንም ይስቃል፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ታላቅየው "ምስክሬ!" ብሎ ተነሣልኝ። እጄን ሊስም ሲል እጄን ሰበሰብኩ። ቁሜ፣ ሳልቀመጥ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማንሻዋን፣ ሽቦውን፣ ፒንሳውን፣ ኪሱን፣ ቀበቶውን።

ስጨርስ ታላቅየው ከመደርደሪያው ሥር ድጅኖ አወጣና ወጣ።

ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አላስፈለገንም። በሩጫ ተከተልኩት፤ ሳቂታው እያነከሰ ከኋላችን ይጮኻል። አባቴ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ታላቅየው ድጅኖውን እንዳነሣ ሲመጣበት ሊነሣ ሞከረ። እኔ በመካከላቸው ቆምኩ። ታላቅየው በአንድ እጁ እንደ ቅጠል ገፍቶ ጣለኝ።

"አንተ ነህ ያሰርከው?" አለው።

"ሥራው እንዳይቆም ብዬ ነው" አለ አባቴ።

ድጅኖው ወረደ። ከአባቴ ጭንቅላት አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሎ ግድግዳው ውስጥ ገባ፤ ልስኑ አባቴ ላይ ረገፈ። ታላቅየው መዝዞ እንደገና አነሣው። ያኔ ሳቂታው ደርሶ ነበር። እስትንፋሱ እየተቆራረጠ የወንድሙን ክንድ ያዘ።

"ተው! አንዴ በእኔ ስም ሰው መተሃል። እሱ ይበቃኛል!"

ታላቅየው ወደ ወንድሙ ዞረ። ከዚያ ድጅኖው ከእጁ ወደቀ። እሱም እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠና በገዛ እጁ ፊቱን ይመታ ጀመር፤ ሁለታችን ተጋግዘን ነው እጁን የያዝነው። አባቴ ልስኑን ከትከሻው ያራግፍ ነበር። ከዚያ ወዲህም በእኔና በእሱ መካከል ከሰላምታ ያለፈ ነገር የለም። እናቴ አብራኝ ትኖራለች።

በሚቀጥለው እሑድ ከወንድማማቾቹ ጋር ሦስታችን ካቦው ዘንድ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ታላቅየው የሚናገረውን በከንፈሩ ሲለማመድ ነበር። ካቦው እንደ ወትሮው ደጃፉ ላይ እንጨቱ ላይ አጎንብሷል። ሳቂታውና እኔ ራቅ ብለን ቆምን። ታላቅየው ብቻውን ሄዶ በግራው በኩል ቆመ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘና በዝቅተኛ ድምፅ ተናገረ። ረጅም ተናገረ። ካቦው መላጊያውን አላቆመም፣ ቀናም አላለም። ታላቅየው ጨርሶ ጠበቀ። ምንም መልስ ሲያጣ አንገቱን ደፍቶ ዞር አለ።

ያኔ ጥላው እንጨቱ ላይ ሲያልፍ ካቦው ቀና አለ። በሚያየው ዓይኑ ለየው። መላጊያውን መሬት አስቀመጠ።

"እየተናገርክ ነበር እንዴ?" አለው። "በዚያኛው ጆሮዬ ከዚያ ቀን ወዲህ አልሰማም። በዚህ በኩል ዞረህ ንገረኝ።"

ታላቅየው ዞሮ በቀኙ ቆመ። ከመጀመሪያው ጀመረ።